ከአምስት ዓመት በኋላ የቱ ይከፍላል? ለከተማ ዳር ልጆች የሥራ ንጽጽር

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤታችን ልጅ በር አንኳኳች። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጅቷ 12ኛ ክፍል ተፈትና አላለፈችም። ለነገሩ ማን አለፈ? በ2014 ከተፈተኑት ያለፉት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4። ስለዚህ ልጅቷ ከብዙኃኑ ጋር ናት፣ ማንም ሰነፍ ሊላት አይችልም።

"ጋሼ፣ እርስዎ ፔሮል ላይ አይደል የሚሠሩት?" አለችኝ። "ሦስት ሥራ አግኝቻለሁ። የቱ ይሻለኛል?"

አንደኛው ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ነው። ሁለተኛው ኮዬ ፈጬ የሴራሚክ ባለሙያ ረዳት መሆን። ሦስተኛው በኤጀንሲ በኩል ባንክ ቤት ጽዳት። እናቷ ሦስተኛውን ወደውታል። "ልጄ ባንክ ገባች" ማለት ደስ ይላላ! ልጅቷ ደግሞ ወረቀት ላይ የሦስቱንም የመጀመሪያ ወር ደሞዝ ጽፋ አምጥታለች። ልዩነታቸው የታክሲ ሒሳብ ያህል ነው።

ወረቀቱን ገልብጬ ባዶው ጀርባ ላይ "2023" ብዬ ጻፍኩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። "በዚህኛውስ ገጽ ስንት ስንት ይሆናሉ?" አልኳት። ዝም አለች።

እኔ አሥራ አንድ ዓመት የሰው ደሞዝ ሠርቻለሁ፣ መጀመሪያ ፋብሪካ ውስጥ፣ ቀጥሎ ኮንትራክተር ጋር። የፔሮል ሰው ማንም የማያየውን ያያል፤ አንድ ስም ከዓመት ዓመት የት እንደሚደርስ፣ ወይም ጭራሽ ከዝርዝሩ እንደሚጠፋ። ያየሁት አጭር ነው። መነሻ ደሞዝ ላይ ዘርፎች ብዙም አይራራቁም፣ በተለይ ዲግሪ ለሌለው ሰው። አምስተኛው ዓመት ላይ ግን አንዱ እዚያው ቆሞ ሌላው ሦስት እጥፍ ይሆናል። ታዲያ ሰዉ ሁሉ የሚጠይቀው "ስንት ይከፍላሉ?" ብቻ ነው።

መጀመሪያ ጭማሪና ዕድገት ይለዩ

ደሞዝ በሁለት መንገድ ከፍ ይላል። አንደኛው ለሁሉም ሰው ሲጨመር ነው። ሁለተኛው አንተ ካለህበት ወደ ሌላ ደረጃ ስትሻገር።

ሁሉም አብሮ ከፍ ሲል አንተ አልወጣህም፣ ፎቁ ነው ከፍ ያለው። ለዚያውም ገበያው ቀድሞ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ከዚያ በኋላ ደሞዝ የተጨመረለት ሰው ሁሉ "አደግኩ" ቢል እንዴት ይታመናል? ዘይቱን፣ የቤት ኪራዩን፣ ሰርቪስ ከሌለ ታክሲውን ደምሩና እዩት።

ስለዚህ ሁለት ሥራ ስታወዳድሩ ጥያቄው "እዚህ ቤት ለአንድ ሰው የተለየ መሻገሪያ አለ ወይ?" የሚል ይሁን። ካለ ስንት ዓመት ይፈጃል? የሚያሻግረው ማን ነው፣ አለቃ፣ ፈተና፣ ወይስ እጃችሁ ላይ ያለው ሙያ? አሁን ወደየቤቱ እንግባ።

ፋብሪካ

ከከተማው ዳር ላለ ሰው በቅርብ ያለው በር ይሄ ነው። ቦሌ ለሚ አለ፣ ቂሊንጦ አለ፣ ወደ ገላንና ዱከም ስትወጡ ደግሞ ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞንና ብዙ ፋብሪካ አለ። ሰርቪስ ይመጣል፣ አንዳንዱ ጋ ምሳ አለ፣ ደሞዝ በቀኑ ይገባል። ጡረታም ይቆረጣል፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያስገባል። ይሄን አትናቁት። ሳይት ላይ የማታገኙት ነገር ነው።

መሰላሉ ግን አጭር ነው፣ ጠባብም ነው። አንድ የስፌት መስመር ላይ አርባ ማሽን አለ እንበል። አርባ ሰፊ፣ አንድ ሱፐርቫይዘር። ከዚያ በላይ የኳሊቲና የፕሮዳክሽን ሰዎች አሉ፣ ግን እነዚያ ቦታዎች ላይ ብዙ ጊዜ በዲግሪ ወይም ከውጭ የመጣ ሰው ይቀመጣል። አርባ ሰው አንድ ወንበር ይጠብቃል ማለት ነው። እኔ የሠራሁበት ፋብሪካ (ስሙ ይቅር) አምስት ዓመት የቆየች ልጅና አምና የገባች ልጅ መሀል የነበረው ልዩነት አንዳንዴ ከመገኘት ጉርሻ አይበልጥም ነበር። አምስት ዓመት! ይሄን ቁጥር እኔው ነበርኩ በየወሩ የማስገባው፣ አንድ ቀን ልጅቷ መጥታ "እርግጠኛ ነህ ትክክል ነው?" ብላ ስትጠይቀኝ የምለው ጠፋኝ።

ለምን እንዲህ ይሆናል? የልብሱ ዋጋ እዚህ አይወሰንም። ገዢው አሜሪካ ወይም አውሮፓ ነው ያለው፣ በዶላር ነው የሚነጋገረው፣ ከባንግላዴሽና ከቬትናም ጋር እያወዳደረ። ፋብሪካው እዚህ የመጣው ጉልበቱ ርካሽ ስለሆነ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት የወጣ ጥናት የሐዋሳን ሰፊዎች መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ብሎ መዝግቦታል፣ ልብስ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነው ብሎ። ለግሉ ዘርፍ ደግሞ በሕግ በቁጥር የተቀመጠ የደሞዝ ወለል የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ይህን የሚያጠና የደሞዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል፣ ቁጥሩ ግን አልወጣም። በዚህ ላይ አጎዋ አለ፣ የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ከአጎዋ ስትወጣ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይሸጡ የነበሩ ፋብሪካዎች ላይ በአንድ ቀን የቀረጥ ሸክም መጣ። ሠራተኛዋ ጎበዝ ብትሆን ባትሆን ምን ይለውጣል? ዋሽንግተን ነው የወሰነው።

ሌላው ጉዳይ ሙያው ነው። "ስፌት ተማርኩ" ትላላችሁ። የተማራችሁት ግን ኮሌታ መግጠም ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ኮሌታ። ስትወጡ ሙሉ ሸሚዝ መስፋት አትችሉም፣ ስለዚህ የራሳችሁን ስፌት ቤት መክፈትም አይሆንላችሁም። ፋብሪካ ከገባችሁ እባካችሁ ማሽን ቀያይሩ። በምሳ ሰዓትም ቢሆን፣ ሱፐርቫይዘሩን እየለመናችሁም ቢሆን። ብዙ ማሽን የምታውቅ ልጅ ሰው በቀረ ቁጥር የምትፈለገው እሷ ናት፣ ሱፐርቫይዘር ሲፈለግም ስሟ ቀድሞ ይነሳል።

እዚህ ላይ አንድ ጥናት ልጥቀስ። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የሚባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ምሁራን ኢትዮጵያ ውስጥ አምስት ድርጅት ላይ ሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 ሰዎችን በዕጣ ከፈሏቸው። ለአንዱ ቡድን የፋብሪካውን ሥራ ሰጡት። ለሌላው ወደ 300 ዶላር ገንዘብና አጭር የንግድ ሥልጠና። ለሦስተኛው ምንም። ከዓመት በኋላ ፋብሪካ የገቡት ምንም ካልተሰጣቸው የተሻለ ገቢ አልነበራቸውም፣ እንዲያውም የጤና ችግር በዝቶባቸዋል። አብዛኞቹም ዓመት ሳይሞላቸው ለቀዋል። ገንዘብ የተሰጣቸው ግን ገቢያቸው በሲሶ ያህል አደገ። "ታዲያ ብር ይሻላል ማለት ነው" ለማለት አትቸኩሉ፣ ምክንያቱም ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ልዩነቱ ጠፍቷል። ሁሉም እኩል ሆነዋል። እኔ ይህን ሳነብ የፔሮሌ ዝርዝር ነው ትዝ ያለኝ። በየወሩ ስም መሰረዝና ስም መጨመር ነበር ሥራዬ።

ፋብሪካ ለማን ይሆናል? ቶሎ ገቢ ለሚያስፈልገው፣ ለሁለት ዓመት ቆጥቦ ሌላ ነገር ላሰበ፣ ማታ ለሚማር። ማታ ለመማር ግን ሺፍቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ሺፍቱ በየሳምንቱ የሚቀያየር ከሆነ ትምህርቱን እርሱት።

ሳይት

ሰው የሚንቀው ይሄን ነው። "የቀን ሥራ" ሲባል ብሎኬት መሸከም ብቻ ይታየዋል። እውነት ነው፣ የሚጀመረው እዚያ ነው፣ ካቦው እየጮኸ። ግን ከማውቃቸው ዘርፎች ሁሉ ትምህርት የሌለው ሰው በእጁ ብቻ ደሞዙን እጥፍ የሚያደርግበት ይሄ ነው።

መሰላሉን ልቁጠርላችሁ። መጀመሪያ ረዳት ነህ፤ ታቀብላለህ፣ ታቦካለህ፣ ታጸዳለህ። ቀጥሎ ባለሙያ ትሆናለህ፤ ግንበኛ፣ አናጺ፣ ፌሮ ሠራተኛ፣ ለሳኝ፣ ሴራሚክ፣ ቧንቧ፣ ኤሌክትሪክ፣ ጂፕሰም። እኔ ሒሳባቸውን የሠራሁላቸው ሳይቶች ላይ ባለሙያ የሚያገኘው የቀን ክፍያ የረዳቱን እጥፍ ገደማ ነበር፣ የማጠናቀቂያ ሥራ ላይ ከዚያም በላይ። ሦስተኛው እርከን በቁርጥ መያዝ ነው፣ "ይህን ፎቅ በዚህ ብር እጨርሳለሁ" ብሎ። እዚያ ላይ የቀን ተከፋይ መሆን ያበቃል፤ የራስህን ረዳት ትቀጥራለህ። አራተኛው ከኮንትራክተር ሥራ ቆርሶ መውሰድ ነው፣ ሰው ሁሉ እዚያ አይደርስም።

የሚገርመው የሚያሻግርህ አለቃ አለመሆኑ ነው። ግድግዳው ቀጥ ብሏል ወይስ አላለም? ውሃ ልኩን ታስቀምጥና ይታያል። ዲፕሎማ የሚጠይቅህ የለም። ነገ ሳይቱ ቢዘጋ ሙያው አብሮህ ይሄዳል፣ ከገላን ወደ ለገጣፎ፣ ከሰበታ ወደ ሱሉልታ። ፋብሪካ ውስጥ ግን ኮሌታው እዚያው ይቀራል።

ለእኛ ሰፈር ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ቤቱን ሲረከብ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ሴራሚኩን፣ ቀለሙን፣ ጂፕሰሙን፣ የኩሽናውን ነገር ራሱ ያሠራል። ኮዬ ፈጬን አስቡት። ስንት ሺህ ቤት! አንድ ሴራሚክ ባለሙያ አንድ ብሎክ ውስጥ ከገባ፣ ሥራው ካማረ፣ ጎረቤቱ እየጠራው ከፎቅ ፎቅ ይወጣል። ክፍያው በካሬ ነው፣ ስለዚህ እጁ የፈጠነ ሰው ይበልጥ ያገኛል። እኛ ቤት ሴራሚኩን የሠራው ልጅ ከአራት ዓመት በፊት ረዳት ነበር። ዘንድሮ ስደውልለት "ወረፋ ይዣለሁ፣ ከፋሲካ በኋላ" አለኝ። ወረፋ! ለእኔ!

እርግጥ ሁሉ ነገር ማር አይደለም። ክረምት ሲገባ ሥራው ይቀዘቅዛል። ሲሚንቶ ሲወደድ ወይም ሲጠፋ ሳይቱ ይቆማል፣ ያንን ዘመን ሁላችንም እናስታውሳለን። ጡረታ የለም፣ ዓመት ፈቃድ የለም፣ ከመወጣጫ ላይ የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚታከመው በጓደኞቹ መዋጮ ነው። ቅዳሜ ይከፈላል የተባለው ሒሳብ ለሌላ ቅዳሜ ይተላለፋል። እኔ ራሴ አንድ ኮንትራክተር ጋር የሠራተኛ ሒሳብ ይዤ "ነገ፣ ነገ" ስል የከረምኩበት ጊዜ አለ፣ ትዝ ሲለኝ አሁንም ያሳፍረኛል።

ሴቶችን በተመለከተ ደግሞ አላባብልም። ሳይት ላይ ሴቶች በብዛት አሉ፣ ግን ውሃ ሲቀዱ፣ አሸዋ ሲያመላልሱ፣ ሲያቦኩ ነው የምታዩዋቸው። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣም እዚያው። ወንዱ ረዳት በስድስት ወሩ መቁረጫ ሲያስይዙት ሴቷን ማንም "ነይ ሞክሪው" አይላትም። መሰላሉ አለ፣ ለእሷ ግን የመጀመሪያው እርከን ተነቅሏል። ስለዚህ ለጎረቤቴ ልጅ ያልኳት ይህን ነው፤ ሴራሚክ ከሆነ ሂጂ፣ ነገር ግን ባለሙያውን በመጀመሪያው ቀን ጠይቂው። መቁረጥና ማንጠፍ ያስተምርሻል ወይስ እንድታቦኪለት ብቻ ነው የሚፈልግሽ? መልሱን ፊቱ ላይ ታዪዋለሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። እጃችሁ ከፈታ በኋላ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ተፈተኑ። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሳትገቡም ብቃታችሁን ማስመዘን ይቻላል። የሰፈር ደንበኛ ወረቀቱን አይጠይቅም፤ ትልልቅ ኮንትራክተሮችና ውጭ አገር የሚወስዱ ግን ይጠይቃሉ።

መንግሥት ቤት

እዚህ መሰላሉ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። መምህር ብትሆኑ ጀማሪ መምህር፣ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ፣ መሪ እያለ ይቀጥላል። ግልጽ ነው። ቀርፋፋም ነው። የኔ እህት አስተማሪ ናት፤ ደሞዟ መቼ እንደሚያድግ ከአምስት ዓመት በፊት ታውቃለች፣ ስንት እንደሚገዛ ግን አታውቅም።

ቁጥሩን እንየው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደሞዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር፣ ጣሪያው ደግሞ 39,000 ብር ሆኗል። ከታች እስከ ላይ 6.5 እጥፍ ነው። ደህና ይመስላል። ግን በ6,000 የገባ ተላላኪ 39,000 ላይ አይደርስም፤ በየደረጃው አጫጭር መሰላል ነው ያለው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዘልለው ወረቀት ብቻ ነው። ዲፕሎማ፣ ዲግሪ፣ ማስተርስ። የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ ማታ ማታ የሚማረው ለዚህ ነው።

11,500 ሲባል ደግሞ እጅ ላይ የሚገባው ያ አይደለም። በአዲሱ የገቢ ግብር አዋጅ 1395/2017 የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ከዚያ እስከ 4,000 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 20፣ እስከ 10,000 25፣ እስከ 14,000 30፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ። አስሉት፦ ግብሩ 2,100 ብር፣ ጡረታው 805 ብር፣ የተጣራው 8,595 ብር። ይሄን ስሌት ለማንኛውም የተመዘገበ ሥራ ተጠቀሙበት፣ የፋብሪካውም የባንኩም በዚሁ ነው የሚቆረጠው። ቀጣሪው "15 ሺህ" ካለ "ያልተጣራ ነው የተጣራ?" በሉ። ነውር የለውም።

የመንግሥት ቤት ሌላው ባሕርይ ዕድገቱ በግል ጥረት ሳይሆን በጅምላ መምጣቱ ነው። ጭማሪው ሲመጣ ለሁሉም ይመጣል፣ ሳይመጣ ዓመታት ሲያልፉም ለሁሉም ነው። በምትኩ ነገ "አትምጣ" የሚልህ የለም። ልጅ ያላት፣ ሌላ ገቢ ያለው ቤት ውስጥ ያለች ሰው ይህን ብትመርጥ አልፈርድባትም።

ባንክ፣ እና የኤጀንሲው ነገር

ዲግሪ ካላችሁ ባንክ ከሁሉም የተሻለ አቀበት አለው ብዬ አስባለሁ። መስኮት ላይ ትጀምራላችሁ፣ የውስጥ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ትወዳደራላችሁ፣ ቅርንጫፍ ሲከፈት ክፍት ቦታ ይፈጠራል። ቦነስ አለ። ከደሞዙም በላይ የሠራተኛ የቤትና የመኪና ብድር በዝቅተኛ ወለድ አለ፣ ይሄ በፔሮል ላይ የማይታይ ደሞዝ ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ብትሄዱ ስንት ቅርንጫፍ እንደምታዩ ቁጠሩት።

ግን እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። ጥበቃው፣ ጽዳቷ፣ አንዳንዴ ሾፌሩ የባንኩ ሠራተኞች አይደሉም። የኤጀንሲ ናቸው። የባንኩ ቦነስ አይነካቸውም፣ የውስጥ ማስታወቂያው አይመለከታቸውም፣ ብድሩም የለም። ባንኩ ቢያተርፍ ቢከስር የእነሱ ደሞዝ ኤጀንሲው በተዋዋለው ልክ ነው። ባንኩ ለኤጀንሲው ስንት እንደሚከፍልና ኤጀንሲው ለሠራተኛዋ ስንት እንደሚያደርስ ብታዩ... ተዉት፣ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ስለዚህ "የት ትሠራለህ?" እና "ማን ይከፍልሃል?" ሁለት ጥያቄ ናቸው። መሰላሉ የሚሆነው ለከፋዩ ሠራተኛ ነው። እናቷ "ባንክ ገባች" ያሏት ልጅ ባንክ አልገባችም፣ ባንክ ቤት ልትጠርግ ነው የገባችው። ሥራው ክቡር ነው፣ በሱ ክርክር የለኝም። ግን አምስተኛው ዓመት ላይ ያው መጥረጊያ ነው።

መኪና

የልጅቷ ወንድም ወያላ ነው፣ ከቱሉ ዲምቱ ሳሪስ። ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፣ ማታ ኪሱ ብር አይጠፋውም፣ እህቱ ስትቀና አያታለሁ። መነሻው ከሁሉም የተሻለ ነው ማለት ይቻላል። መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ሾፌር ይሆናል፣ ይሄ አንድ ጥሩ ዝላይ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ግድግዳ አለ። ሾፌሩ ለባለቤቱ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፣ የተረፈው ነው የሱ። መኪናው ቢቆም፣ ትራፊክ ቢቀጣው፣ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን ቢያልቅ ጦሱ በሱ ነው። የሚቀጥለው እርከን ባለቤት መሆን ነው፣ እሱን ደግሞ ችሎታ አያመጣውም፣ ካፒታል ነው። ዕቁብ ካልገባ፣ ሰው ካላበደረው፣ አሥር ዓመት ቢነዳ እዚያው ነው። ሌላው መውጫ ከፍ ያለ መንጃ ፈቃድ ይዞ ወደ ከባድ መኪና መሻገር ነው፣ የጅቡቲ መንገድ። ክፍያው ጥሩ ነው፣ መንገዱን ግን እናቱ ትወቀው።

ጥበቃ፣ ሰው ቤት ሥራ፣ ጉሊት ላይ ብዙ አልቆይም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዕድገት የሚባል ነገር የላቸውም፣ ደሞዝ የሚጨምረው ቤት ሲቀየር ብቻ ነው። ጉሊት ደግሞ ደሞዝ አይደለም፣ ንግድ ነው፣ የራሱ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ስትሄዱ ምን ትጠይቃላችሁ?

ቀጣሪውን ብዙ አትጠይቁ፣ የሚነግራችሁ የሚፈልገውን ነው። በር ላይ ቁሙ። ሠራተኛ ሲወጣ ሦስት ዓመት የቆየ ሰው ፈልጉና "ስትገቢ ከነበረው አሁን ስንት ተጨመረልሽ?" በሏት። ሦስት ዓመት የቆየ ሰው ካጣችሁ እሱም መልስ ነው።

ቀጥሎ አለቃው ከየት እንደመጣ አጣሩ። ሱፐርቫይዘሩ ከዚያው ከማሽን ተነስቶ ነው ወይስ በወረቀት ከውጭ የመጣ? ፎርማኑ ረዳት ነበር? ከታች የመጣ አለቃ ባለበት ቤት በሩ ክፍት ነው።

ኮንትራት ላይ የማን ማህተም እንዳለ እዩ፣ የኤጀንሲውን ነገር ነግሬያችኋለሁ። የሙከራ ጊዜ በሕጉ 60 የሥራ ቀን ነው፣ "ስድስት ወር ሙከራ" የሚል ካለ ቆም በሉ። ትርፍ ሰዓትን ደሞዝ አድርገው የሚያቀርቡም አሉ። "በወር ይሄን ያህል ታገኛለህ" ይሉሃል፣ ግማሹ ኦቨርታይም ነው። በሕጉ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ከዚያ በኋላ ያለው የሌሊቱ በ1.75፣ የዕረፍት ቀን በ2፣ የሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል፣ በሳምንትም ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ኦቨርታይም ሲቀንስ የሚወርድ ደሞዝ አደገ አይባልም፣ ጉልበታችሁ ነው የተሸጠው።

ቦታ መቀየርንም አትፍሩ። በፔሮል ዝርዝሬ ላይ ጥሩ ዝላይ ያደረጉት ብዙዎቹ እዚያው የቆዩት አይደሉም፣ ሙያ ይዘው ወደ ጎረቤት ድርጅት የሄዱት ናቸው። ለዚህ ግን መጀመሪያ ይዞ የሚሄዱት ነገር መኖር አለበት። ጎበዝ ሴራሚክ ሠራተኛን ሁለት ኮንትራክተር ይሻማበታል። ጎበዝ ኮሌታ ገጣሚ ግን የትም ብትሄድ በዚያው በመነሻ ደሞዝ ነው የምትጀምረው።

ልጅቷ ማክሰኞ ዕለት ከእናቷ ጋር ኮዬ ፈጬ ሄደች። እናትየው እስከ መጨረሻው ፊታቸውን አጥቁረው ነበር አሉ። ባለሙያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ መታጠቢያ ቤት እያነጠፈ አገኙት። ልጅቷ እንዳልኳት ጠየቀችው፣ "መቁረጫውን መቼ ታስይዘኛለህ?" ብላ። ቀና ብሎ አያትና "መጀመሪያ ውሃ ልኩን ያዢ፣ ተይዞ ይታይ" አላት። ሰኞ ትጀምራለች። ወንድሟ ግን አሁንም የሚያወራው ስለ ባጃጅ ነው።